ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያድሩ ቄቦች

ጥቅምት 8

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላምታውን አስቀድሜ ልገላገለው። ደህና ነን፤ አንቺስ እንደምን አለሽ፣ ጉንፋንሽ ለቀቀሽ ወይ፣ የካምፑ ወጥ ቤት ጭስ ዓይንሽን ተወው ወይ። አሁን ወደ ጠቡ እንግባ።

አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም? ዕድሜዬን ሙሉ ከመርፌና ከክር በቀር ምንም ይዤ እንደማላውቅ እያወቅሽ፣ ሳትጠይቂኝ እንቁላል ያልጀመሩ ስድስት ቄብ ዶሮ በካርቶን አሽገሽ ትልኪብኛለሽ? አትክልት ጫኙ ሹፌር ካርቶኑን ከባዶ ጆንያዎቹ መሃል አውጥቶ ደጃፌ ላይ ሲያስቀምጠው ለልጅሽ የላክሽላት ጫማ መስሎኝ ነበር። ጫማው ጮኸ።

ከካርቶኑ ጋር በላክሻት ብጣሽ ወረቀት ላይ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ስድስቱም በሕይወት ደርሰዋል። አይ፣ የሚገቡበት ቤት አልነበረኝም፤ ከየት ይምጣ? ጎረቤታችን አናጢው አዲስ ላሠራ ካልሽ ወር ይፈጃል አለኝ። ወር ሙሉ ጨርቅ ከምቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ሊከርሙ ነው? ስለዚህ የእናታችንን ቁም ሣጥን ወደ ግቢ አወጣሁት። አትቆጪ። ጀርባውን ምስጥ በልቶታል፣ አንደኛው በር ከወለቀ ቆይቷል። አናጢው በወለቀው በር ፋንታ ሽቦ መታበት፤ ኮት የምንሰቅልበትን ዘንግ ዝቅ አደረገና «ይኸው ቆጥ» አለኝ። ታችኛዋ መሳቢያ ያው እንደ ድሮዋ ትጣበቃለች፣ አልነካናትም። አሁን ግቢው ጥግ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል። እናታችን ብታየው ምን ትል ነበር እያልኩ ስስቅም ሳዝንም ዋልኩ።

ስለ ልጅሽ ስለ ድንቡሼ የጠየቅሽኝን የዘለልኩት እንዳይመስልሽ። ትበላለች። ትተኛለች። ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ካርቶኑ ክዳን ላይ የጻፍሽላትን አነበብኩላት፦ «ለልጄ። እነዚህ ዶሮዎች የመጀመሪያውን እንቁላል ሲጥሉ እማዬ ትመጣለች።» ክዳኑን ቀዳ ወስዳ ትራሷ ሥር አደረገችው። ምነው አንቺ፣ ለስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ይሰጣል? ዶሮ ቀን ቆጥራ አትጥል። ይኸው ጠዋት ጠዋት እየወጣች የዶሮ ቂጥ ታያለች።

እንግዲህ ንገሪኝ፤ እነዚህን ነገሮች ምን ላድርጋቸው?

እህትሽ


ጥቅምት 15

እትዬ፣

ይቅርታ፣ አሁንም ይቅርታ። ብጠይቅሽ እምቢ እንደምትዪ ስለማውቅ ነው ሳልጠይቅሽ የላክኳቸው። ቁም ሣጥኑን አልተቆጣሁም። እንዲያውም ሳቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ እንደ አንቺ ከፋኝ። የእናታችን ናፍታሊን ሽታ አሁንም አለው?

ለምን አትደውልም ብለሽ እንደሆነ፣ ካምፑ ገደል ውስጥ ነው የተተከለው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ስወጣ ለመንገድ ሠራተኛ ሁሉ የጣድኩት ድስት ያርርብኛል። ሹፌሩ ይሻለናል።

አሁን የምልሽን እንደ ልብስ ልክ ያዢው። መጀመሪያ አትልቀቂያቸው። ቢጮሁም፣ ሽቦውን ቢነቁሩም፣ ድንቡሼ ብታለቅስም አትክፈቺ። ሳምንት ያህል እዚያው ይብሉ፣ እዚያው ይጠጡ፣ እዚያው ይደሩ። ዶሮ ቤቷን የምታውቀው አይታ አይደለም፣ አድራ አድራ ነው። ሲመሽ ወለሉ ላይ ተደራርበው ካገኘሻቸው አንድ በአንድ አንስተሽ ዘንጉ ላይ አስቀምጫቸው፤ ውለው ሲያድሩ ራሳቸው ይወጡታል። ስትለቂያቸው ደግሞ መጀመሪያ አመሻሽ ላይ ይሁን፣ ሩቅ ሳይሄዱ እንዲመሽባቸው። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀደም እያደረግሽ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ ጥሪያቸው። እናታችን ጣሳ ውስጥ ጥሬ ታንቀጫቅጭ ነበር፤ አንቺ ያኔ ስፌት ልትማሪ ሄደሽ አላየሽም። ውሃቸው በየጠዋቱ ይለወጥ፣ ከሥራቸው ሰጋቱራ ይነጠፍ፤ እሱን ከአናጢው አታጪም። ከሁሉም በላይ ግን ቤታቸውን አንዴ ካቆምሽበት ቦታ አታንቀሳቅሺ። አደራ።

ያልጻፍሽልኝንም አንብቤዋለሁ እትዬ። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትሄዳለች አልሽ። ታወራለች አላልሽም። እኔ ስወጣ ድምፅ ሳታሰማ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ያ ፊቷ አሁንም ድስቱ ውስጥ ይታየኛል። ዶሮዎቹን ለእንቁላል የላክኳቸው እንዳይመስልሽ። ሰው መጠበቅ ይከብዳል፣ እንቁላል መጠበቅ ይሻላል ብዬ ነው። ውሌ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ቄቦቹም መጣል የሚጀምሩት በዚያው ወር ነው። አስልቼዋለሁ፤ ዝም ብዬ አልማልኩም።

እውነቱን ጻፊልኝ። እያባበልሽ ሳይሆን እውነቱን።

ታናሽሽ


ኅዳር 1

እህቴ፣

እትዬ ብለሽ ስትለማመጪኝ ሆዴ እንደሚባባ ታውቂዋለሽ። እሺ፣ እውነቱን። አልተናገረችም ነበር። ከሄድሽ ጀምሮ ለምጠይቃት ሁሉ መልሷ በራስ ነው፤ ወይ ትነቀንቃለች ወይ ትወዘውዛለች። አስተማሪዋም አስጠርታኝ ነበር። ያልነገርኩሽ፣ ከዚያ ሆና ምን ታመጣለች፣ በከንቱ ትቃጠላለች ብዬ ነው። ልብ በይ፣ «ነበር» ነው ያልኩት።

እንዳልሽኝ ዘጋሁባቸው። ከጩኸታቸው ብዛት ጎረቤት ሰው የማርድ ሳይመስለው አልቀረም። ሲመሽ እጄን እየሰደድኩ አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ ማስቀመጥ ዕጣዬ ሆነ። ይሞቃሉ፤ ልባቸው መዳፌ ላይ ይመታል። ይህን አልነገርሽኝም። አንድ ቀን ሦስተኛዋን ሳነሳ ልጅሽ ከኋላዬ መጣችና «አክስቴ፣ ቀስ በይ፣ እያስተኛኋቸው ነው» አለችኝ። እንዲሁ፣ ትናንትም ስታወራ እንደዋለች ሰው። ጉድ እንዳልል ከንፈሬን ነክሼ «እሺ እመቤት» ብዬ ዞር አልኩ። ከዚያ ስፌት ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። አንቺም አሁን እያለቀስሽ ስለሆነ ተካካስን።

አሁን ወሬዋ ሁሉ ስለ ዶሮ ነው፤ ስምም አውጥታላቸዋለች። ሁሉን እየነቆረች ወደ መኖው ቀድማ የምትገባዋ «ዳይሬክተሯ» ናት፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እንዳይሰሙ። አንገቷ ላይ ነጭ ጣል ጣል ያለባት «ነጠብጣቧ» ተብላለች። ሁልጊዜ መጨረሻ የምትገባዋ ደግሞ «ፈሪዋ»። ቀሪዎቹ ሦስቱ መንታ ስለሚመስሉ አንድ ስም ለሦስት ተሰጥቷቸዋል።

ከስሕተት አልጸዳሁም። መጀመሪያ የለቀቅኳቸው ቀን የጥሬው ጣሳ ውስጥ ቤት ቀርቶ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደነገጥኩና እጄ ላይ ያለውን የቁልፍ ቆርቆሮ አንቀጫቀጭኩ፤ የሸሚዝ ቁልፍ የማኖርበትን። ሮጠው መጡ! ከዚያ ወዲህ መጥሪያቸው እሱ ሆኖ ቀረ። ችግሩ፣ እኔ በቀን ስንት ጊዜ ቁልፍ እንደምፈልግ አልታየኝም። ቆርቆሮውን ባነሳሁ ቁጥር ስድስቱም እየተንጋጉ ስፌት ክፍል ይገባሉ። ትናንት አንዲት ደንበኛ ጉርድ ቀሚስ ስትለካ ዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ስፌቱን መረመረችላት። ደንበኛዋ አልሳቀችም።

ማታ ማታ ልጅሽ አንድ ጥያቄ ብቻ አላት፤ «ነገ ይጥላሉ?» እኔ ምን አውቃለሁ? ገና ናቸው እላታለሁ። «ገና» ስላት ደግሞ ተንፈስ ትላለች እንጂ አይከፋትም። ይህ ነገር ገረመኝ።

እህትሽ


ኅዳር 16

እህቴ፣

ምን ዓይነት ዓይን ነው የሰጠሽ! ባለፈው ደብዳቤዬ ስለ ዩኒፎርም ሥራው፣ ስለ አናጢው የጥርስ ሕመም፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ያን ሁሉ ገጽ ጽፌልሽ፣ «አምስቱም ደህና ናቸው» የሚለውን ለቅመሽ አውጥተሽ «ስድስተኛዋስ?» ትዪኛለሽ።

እሺ። ፈሪዋ የለችም።

ሸለምጥማጥ ሰፈሩን ይዞታል ተባለ፤ ከአናጢው ሚስት ሁለት ዶሮ ወሰደ። እኔ ከምተኛበት ክፍል ደግሞ ቧንቧው ጥግ ያለው አይሰማም። አልጋ ላይ ተገላብጬ ተገላብጬ ከአናጢው ጋር ቁም ሣጥኑን ጎትተን መስኮቴ ሥር አቆምነው። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አታንቀሳቅሺ ማለትሽን አልረሳሁም። ግን ያው ቤት፣ ያው ቆጥ፣ ያው በር፤ አሥር እርምጃ ምን አላት ብዬ ነው። እኔ ቀሚስ ለማሳጠር የምጠነቀቀውን ያህል እንኳ አልተጠነቀቅኩም።

ሲመሽ ቆርቆሮውን አንቀጫቀጭኩ። መጡ፣ ጥሬያቸውን ለቀሙ፣ ከዚያ ተሰልፈው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ቁም ሣጥኑ ከነበረበት ባዶ መሬት ላይ ተጠጋግተው ቆሙ። ቤታቸው እዚያው ወለል ብሎ እየታያቸው፣ በሩ ተከፍቶ እየጠበቃቸው። ብጠራ፣ ጥሬ ብበትን፣ ወይ ፍንክች። ድንቡሼ መሃላቸው ሄዳ ቁጭ አለች። እየጨለመ ስለሄደ እያቀፍን ስናስገባ ፈሪዋ አመለጠችና የአናጢው ጣውላ ክምር ሥር ገባች። ባትሪ ይዘን ፈለግናት፣ አልተገኘችም። ጠዋት ላባ አገኘን።

ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። ምን አለች ብለሽ እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅም ነው። አላለቀሰችም። ላባውን ለቅማ ጨርሳ «ከአምስት ዶሮም እንቁላል ይወጣል?» አለችኝ። ይወጣል አልኳት። «እማዬ ስድስት ብላ ነው የላከችው። አምስት ከሆኑም ትመጣለች?»

ትመጣለች አልኩ። ምን ልበል? አንቺ ማልሽ፣ እኔ ደገምኩልሽ።

አሁን ምን ላድርግ? በየማታው እያቀፍን ማስገባት ሰለቸን። ቁጪኝና ንገሪኝ።

እህትሽ


ኅዳር 25

እትዬ፣

አልቆጣሽም። ለመቆጣትም አቅም የለኝም።

ቁም ሣጥኑን ወደ ቧንቧው መልሺው። መስኮትሽ ሥር እንዲሆን ከፈለግሽ ከዚያ ተነሥተሽ በየሦስት ቀኑ አንድ ክንድ ብቻ ግፊው፣ እነሱ ሳያውቁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ፤ ቁም ሣጥን ምን ያቅተዋል። ሽቦው ሥር ሥሩን ድንጋይ ደርድሪበት፣ መቀርቀሪያውንም በገመድ እሰሪው። ሸለምጥማጥ መቀርቀሪያ መክፈት ያውቃል።

ሌላው ነገር። እንዴት እንደምነግርሽ ሳወጣና ሳወርድ ሁለት ደብዳቤ ቀድጃለሁ። የሚሠራው መንገድ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ተበላሸና ሥራው ተራዘመ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሁላችንንም ሰብስቦ እስከ ሚያዝያ ማንም አይወጣም አለን። «ለጥቂት ቀን ብቻ» ብዬ ለመንኩት። «የወጣ ወጣ፣ መመለስ የለም» አለኝ። ይህን ሥራ ደግሞ ብተው ሌላ የት እንደማገኝ አላውቅም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጄን ላሳድግ ብዬ ልጄን ጥዬ መጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

እንቁላሉ እኔ ሳልመጣ ሊመጣ ነው። አሁን የምጠይቅሽ ይህን ነው። ሲጥሉ አታሳያት። ቀድመሽ ተነሺና አንሺው። ብዪው፣ ስጪው፣ የፈለግሽውን አድርጊው፤ ብቻ እሷ አትየው። ሌላ ዘዴ እስካገኝ ድረስ ነው። ውሸታም እናት ሆኜ ከምትጠብቀኝ ሰነፍ ዶሮዎች ይኑሯት።

ይቅር በዪኝ።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 14

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንኳን ደስ አለሽ። ኃላፊው ልቡ መራራቱ፣ ከካምፑ በር አጠገብ ክፍል ማግኘትሽ፣ ልጅ ይዘሽ መግባት መፈቀዱ፣ ሁሉም መልካም ነው። ትምህርት ቤትም አለ ብለሻል። ጥሩ ነው።

«እንቁላል እንደወጣ ንገሪኝ፣ ቃሌ ሳይታጠፍ መጥቼ እወስዳታለሁ» ላልሽው፣ ገና ነው። አናታቸው ላይ ያለው ኩክኒያቸው ቀልቷል፤ አዎ፣ ምልክቱ ነው እንዳልሽው ስነካቸውም ቁጢጥ ይላሉ። ግን ገና ነው። ብርዱ ያዘገያቸው መሰለኝ። ነጠብጣቧ በቀደም ግቢውን አናወጠችው፤ አስካካች፣ አስካካች፤ ሮጬ ብደርስ ባዶ ሰጋቱራ። ልጅሽ እዚያው ነበረች፤ «ምንም የለም አክስቴ» አለችኝ። ዶሮም በባዶ ሜዳ ታስካካለች ማለት ነው።

ቁም ሣጥኑ ክንድ ክንድ እየተገፋ ግማሽ መንገድ ሊደርስ ነው። ዳይሬክተሯ አንድ ቀን ቆም ብላ አየችኝ፤ የነቃችብኝ መሰለኝ።

ሌላ የምጽፈው የለም። ደንበኛ መጣ፣ ላብቃ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 26

እትዬ፣

ዛሬ ሹፌሩ ጎመኑን ሲያራግፍ ምን አለኝ መሰለሽ? «የእህትሽ እንቁላል! አስኳሉ እንደ ብርቱካን ነው፤ ሁለት ጠብሳ አበላችኝ።» የያዝኩት ጭልፋ ከእጄ ወደቀ።

ሁለት። ሁለት ለእንግዳ የሚጠበስ ከሆነ በቤቱ ሌላም አለ ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ? «ገና ነው» ስትዪኝ ስንተኛው ላይ ነበርሽ?

አታሳያት ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። ግን ያ ልመና የኅዳር ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቃናልኝ፣ ክፍል አገኘሁ፣ ፍራሽ አነጠፍኩ፣ ለድንቡሼ መስኮት በኩል ቦታ አዘጋጀሁ ብዬ ጽፌልሻለሁ። እኔ እዚህ ሹፌሩ በመጣ ቁጥር «የምሥራች አለ?» እያልኩ ስጠይቅ፣ አንቺ እዚያ መጥበሻ ላይ ትሰብሪዋለሽ። ልጄን ልትወስጂብኝ ነው?

ይህን መጻፌን እጠላዋለሁ። አንቺ ባትኖሪ ልጄ የት ትወድቅ ነበር? አውቃለሁ። ለዚህም ነው የሚያመኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እሰድበው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እሷ አታውቅም አይደል? አሁንም «ነገ ይጥላሉ?» እያለች ነው የምትተኛው?

ታናሽሽ


ጥር 3

እህቴ፣

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ። እንቁላል የጠበስኩለት ሰው ደብዳቤሽን የሚያመላልሰው ሰው መሆኑን እንኳ አላሰብኩም። ደክሞት መጣ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው እንቁላል ብቻ ነበር፣ ጠበስኩለት። ሌባ እንደዚህ ነው የሚያዘው።

ከታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምሮ ይጥላሉ። መጀመሪያ አንቺ ባልሽኝ መሠረት ደበቅኩ። ገና ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ሙቁን በመቀነቴ ይዤ እገባለሁ፣ ለአናጢው ቤት እሰጣለሁ። ከዚያ ያ ደብዳቤሽ መጣ፤ ክፍል አገኘሁ፣ እወስዳታለሁ የሚለው። ቆሜ አነበብኩት፣ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ይህን ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ማታ ዶሮዎቹን ስናስገባ በር የምትይዝልኝ እሷ ናት፤ እኔ እቆጥራለሁ፣ እሷ «ገብተዋል» ትላለች። ይህን ማን ይልልኛል አልኩ። እናም «ገና ነው» ብዬ ጻፍኩልሽ። አንድ ሳምንት ብቻ ልቆይ አልኩ፣ ከዚያ ሌላ ሳምንት። ልወስድብሽ አላሰብኩም። ላለመስጠት ግን ትንሽ ዘገየሁ፤ ልዩነቱ ካለ አንቺ ፍረጂ።

የአሁኑን ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ልነግራት ወሰንኩ። ማለዳ እንቁላሉን አንስቼ ወደ አልጋዋ ሄድኩና «ይኸው ድንቡሼ፣ ጣለች!» አልኩ፣ በውሸት ደስታ። አየችው። አልዘለለችም። «አውቃለሁ» አለችኝ።

እጄን ይዛ ወደ ቁም ሣጥኑ ወሰደችኝ። ያቺን የምትጣበቀዋን መሳቢያ በሁለት እጇ ነቅንቃ ነቅንቃ ከፈተቻት። ውስጧ የፈሪዋ ላባ አለ፣ ከስፌት ክፍሌ የተለቀመ ቁርጥራጭ ጨርቅ አለ፣ በጨርቁ መሃል አንድ ትንሽ እንቁላል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቅርፊቱ ላይ የደም ጭረት ነበረበት፤ የአንዲት ዶሮ የመጀመሪያ እንቁላል አንዳንዴ እንዲያ ነው ይባላል። ነጠብጣቧ ያስካካች ቀን ነው ያነሳችው። «ምንም የለም አክስቴ» ያለችኝ ዕለት! እኔ ከሷ ስደብቅ፣ እሷም ከእኔ ደብቃለች። በየጠዋቱ መቀነቴን እያየች ዝም ትላለች።

ለምን ደበቅሽ ብላት «ለእማዬ ጻፊ» አለችኝ። እንዳለችው ነው የምጽፈው፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«እማዬ። እንቁላሉ መጥቷል። ከመጣ ቆይቷል። የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ አክስቴን አትቆጪያት። እንቁላሉ ካልመጣ አንቺ የምትቀሪው በዶሮዋ ጥፋት ነው። እንቁላሉ መጥቶ ከቀረሽ ግን በማን ነው? ለዚህ ነው። አሁን አክስቴ ስላየችው መደበቅ አልችልም።»

ይህን ጽፌ ስጨርስ የጀመርኩትን ስፌት አጥፌ አስቀመጥኩ። ነይ ውሰጃት። ልብሶቿን እያጠብኩ ነው፤ ቀሚሷንም ለቀቅ አድርጌላታለሁ፣ አድጋለች።

እህትሽ


ጥር 9

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ሰዉ ሁሉ በሽንኩርቱ አመካኘልኝ።

ይቅር በዪኝ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ልዩነቱን የምፈርደው እኔ አይደለሁም። እናት ሆኜ ልጄን በእንቁላል የቀጠርኳት እኔ ነኝ፤ «በማን ነው?» ላለችው መልሱ በእኔ ነው። አሁን ጥያቄዋን ሳትደብቀው ጠየቀችኝ፣ እኔም ሳልደብቅ ልመልስላት።

ዛሬ ክፍሉን ለባለቤቱ መለስኩለት። ቆይ፣ አትደንግጪ። ያን የኅዳር ደብዳቤሽን አውጥቼ ደገምኩት። ቤታቸው እየታያቸው ባዶ መሬት ላይ የቆሙትን። መሃላቸው ቁጭ ያለችውን። አሥር እርምጃ ያን ያህል ካደረገ፣ እኔ ልጄን ተራራ ላሻግራት ነበር። ከአንቺ ነጥቄ፣ ከዶሮዎቿ ነጥቄ፣ ሰውም ቤትም በማታውቅበት፣ ቀኑን ሙሉ ከድስት ጋር የምውል እናት ዘንድ። ማታ ወዴት ዞራ ትቆም ነበር?

ስለዚህ የምታጥቢውን ልብስ መልሰሽ ስቀዪው። ኃላፊውን እንደገና ለመንኩት። በየአሥራ አምስት ቀኑ በአትክልቱ መኪና እንድመጣና ሁለት ሌሊት እንዳድር ፈቅዶልኛል፤ በበዓልም፣ በማልመጣበት እሑድም ሌላውን ተክቼ ልሠራ ነው። እስከ ሚያዝያ እንዲህ እንሁን። ልጄ ትልመደኝ፣ አድራ አድራ። ሚያዝያ ላይ ምን እንደምናደርግ ሦስታችን ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ ሦስታችን ነው ያልኩት። ቁም ሣጥኑ መስኮትሽ ሥር ለመድረስ ስንት ክንድ ቀረው?

አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢላት። እማዬ የምትመጣው እሑድ ነው። ዶሮ ብትጥልም፣ ባትጥልም፣ አምስት ቢሆኑም፣ አንድም ባይቀር፣ እሑድ ነው። እንቁላሉ ይቆየኝ፤ እስካሁን ሳይሸት አይቀርም፤ ቢሆንም ማንም እንዳይጥለው። ከእጇ ልቀበለው እፈልጋለሁ።

መኪናው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው አስፋልቱ ጋ የሚያወርደኝ። ዶሮዎቹን አስገቡና የግቢውን በር ክፍት አድርጉት። ያን የቁልፍ ቆርቆሮሽን ለእሷ ስጫት። ታንቀጫቅጭልኝ። እመጣለሁ።

ታናሽሽ